አንድ መስመር ብቻውን ምስክር አይሆንም፦ የጠፈር ስብርባሪን ከቴሌስኮፕ ምስል ውስጥ ፈልጎ ማግኘትና መከታተል

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ውድ እህት ወንድሞች፣ በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን ቀና ብለን ሰማዩን እናያለን። ርዕሱ የምህንድስና ተማሪዎች ብቻ ቢመስልም መነሻው ሁላችንም በመድረሳ የተማርነው አንድ አደብ ነው፦ ወሬ ሲመጣ ሳያረጋግጡ አለመቀበል። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ የታዘዝነውን ይህን አደብ የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ዛሬ የምናየው ይኸው አደብ በቴሌስኮፕ ምስል ላይ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ነው።

ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. በኬንያ፣ ማኩዌኒ ውስጥ ሙኩኩ በምትባል መንደር፣ ከዳር እስከ ዳር ወደ 2.5 ሜትር የሚሰፋና 500 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን የብረት ቀለበት ከሰማይ ወደቀ። የኬንያ የጠፈር ኤጀንሲ ከሮኬት ላይ የተለየ ቀለበት መሆኑን ገለጸ፤ የማን ሮኬት እንደሆነ ግን ወዲያው መናገር አልተቻለም። ብዙም ሳይቆይ በጥር ወር መጀመሪያ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ እየነደደና እየተበጣጠሰ የሚያልፍ ነገር ታየ። ሰዎች በስልካቸው ቀረጹት። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲም የጠፈር ስብርባሪ ወይም የሰማይ አለት ሊሆን እንደሚችል አስታወቀ።

“ወይም” የምትለዋን ቃል ልብ እንበል። ሶሳይቲው በዚያ ሰዓት የሚያውቀውን ያህል ብቻ ነው የተናገረው፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ጥያቄው ግን ይቀራል፦ “ወይም”ን እንዴት እናስወግዳት? ሰማይ ላይ የሚያልፍን ነገር አይቶ “ይህ ነው” ለማለት አስቀድሞ የተያዘ መዝገብ ያስፈልጋል። መዝገቡ የሚሞላው ደግሞ በራዳርና በቴሌስኮፕ ሌሊት ከሌሊት በሚደረግ ክትትል ነው። ከሁለቱ ዛሬ የምንማረው የቴሌስኮፑን መንገድ ነው።

ስብርባሪው ከየት መጣ?

የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ሳተላይት ወደ ጠፈር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ከዚያ ወዲህ የወጣው ሁሉ አልተመለሰም። አገልግሎታቸውን የጨረሱ ሳተላይቶች፣ እነሱን ያወጡ ሮኬቶች ቀሪ አካል፣ ብሎኖች፣ የቀለም ቅርፊቶች፣ ከፍንዳታና ከግጭት የተረፉ ቁርጥራጮች ዛሬም ምድርን ይዞራሉ። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ እንደሚገምተው ከ1 ሴንቲ ሜትር የሚበልጡት ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ናቸው። በመዝገብ ተይዘው ዘወትር የሚከታተሏቸው ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ትልልቆቹ ናቸው።

የቁርጥራጩ ጉዳት ከመጠኑ ይልቅ ከፍጥነቱ ይመጣል። ከምድር 628 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ነገር በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ምድርንም በ97 ደቂቃ አንዴ ይዞራል። ይህን ከፍታ እንዲሁ አልመረጥንም። የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትመጥቅ የተመደበላት ከፍታ ይኸው ነው።

የካቲት 3 ቀን 2001 ዓ.ም. ከሳይቤሪያ በላይ፣ 790 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሥራ ላይ የነበረችው የአሜሪካ ሳተላይት ኢሪዲየም 33 እና አገልግሎቷ ያበቃው የሩሲያዋ ኮስሞስ 2251 ተጋጩ። ሁለት ሙሉ ሳተላይቶች እንዲህ ሲጋጩ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከ1,800 በላይ ተከታትሎ መመዝገብ የሚቻል ቁርጥራጭ ተረፈ። ዶናልድ ኬስለርና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1978 ያስጠነቀቁት ይህንኑ ነበር፦ ግጭት ቁርጥራጭ ይወልዳል፤ ቁርጥራጩ ሌላ ግጭት ይወልዳል፤ ሰንሰለቱ አንዴ ከጀመረ ማንም አዲስ ነገር ባያመጥቅ እንኳ ይቀጥላል።

ከማጀቴ ሆነን ብናይ

ምሳሌያችንን ማጀቴ ላይ እናድርግ። ማጀቴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10.5 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚያም ሆነ ሸዋ ሮቢት በየጣሪያው ላይ ያሉትን ዲሾች አስቡ። ለናይልሳት የተስተካከለው ዲሽ ወደ ምዕራብ ጎንበስ ብሎ ያያል፤ የሚያነጣጥረው ከአድማስ 35 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ለኢትዮሳት የተስተካከለው ደግሞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሮ 67 ዲግሪ ገደማ ቀና ይላል። ዲሹ አንዴ ከተስተካከለ ነፋስ ካልነቀነቀው በቀር ዓመቱን ሙሉ ማንም አይነካውም። ለምን?

እነዚህ ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ናቸው። በዚያ ርቀት አንድ ዙር የሚፈጀው ጊዜ ምድር በራሷ ዛቢያ አንዴ ለመዞር ከሚፈጅባት ጊዜ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ከእኛ ጋር አብረው ይዞራሉ፤ ለዓይናችንም የቆሙ ይመስላሉ። ይህ ቀለበት “ሩቁ ሰማይ” ይባልልን። ከ2,000 ኪሎ ሜትር በታች ያለውን ደግሞ “ቅርቡ ሰማይ” እንበለው።

ለቅርቡ ሰማይ በብዛት የሚሠራበት ራዳር ነው። ራዳር የራሱን ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ይጠብቃል። ሞገዱ ሲሄድም ሲመለስም ስለሚበተን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚመለሰው ኃይል ወደ 1/16 ይወርዳል። ቴሌስኮፕ ግን የሚጠቀመው የፀሐይን ብርሃን ነው። ብርሃኑ የሚበተነው ከቁርጥራጩ ወደ እኛ ሲመጣ ብቻ ስለሆነ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ 1/4 ነው የሚወርደው። ሩቁ ሰማይ የቴሌስኮፕ ድርሻ የሆነው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አላህ የሰጠንን ቦታ እናስተውል። ከማጀቴ ሆኖ የሩቁን ሰማይ ቀለበት ለሚያይ ሰው ከፍተኛው ነጥብ ከአድማስ 78 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ከአናት በላይ ለማለት ትንሽ ነው የሚቀረው። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ የስብርባሪ መከታተያ ቴሌስኮፕ የሚገኘው በተነሪፍ ደሴት ሲሆን ከዚያ የሚታየው ከፍተኛው ነጥብ 57 ዲግሪ ገደማ ነው። ዝቅ ብሎ የሚያይ በወፍራም አየር ውስጥ ነው የሚያየው፤ ቀና ብሎ የሚያይ በስስ አየር።

መቼ ይታያል?

ስብርባሪ የራሱ ብርሃን የለውም። እንዲታየን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ መገኘት አለባቸው፦ እኛ ጨለማ ውስጥ መሆን አለብን፤ እሱ ግን ፀሐይ ላይ። በቅርቡ ሰማይ ይህ የሚሆነው ከመግሪብ በኋላና ከሱብሒ በፊት ባሉት ጥቂት ጊዜያት ነው።

እናስላው። በ628 ኪሎ ሜትር ከፍታ ልክ ከአናታችን በላይ ያለ ነገር የምድር ጥላ ውስጥ የሚገባው ፀሐይ ከአድማስ በታች 24.5 ዲግሪ ገደማ ስትወርድ ነው። በእኛ አካባቢ ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ስለምትወርድ ይህ ከገባች 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ በኋላ ይሆናል። ሰማዩ ለካሜራ የሚበቃ ያህል የሚጨልመው ደግሞ ፀሐይ 12 ዲግሪ ስትወርድ፣ ማለትም ከገባች 50 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው። ስለዚህ በምሽት ያለን ዕድል 50 ደቂቃ ያህል ነው፤ የዒሻ አዛን መካከሉ ላይ ይውላል። ሩቁ ሰማይ ግን በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ እኩለ ሌሊት ላይ ለአጭር ጊዜ በጥላ ከመሸፈኑ በቀር ሌሊቱን ሙሉ ብርሃን ያገኛል።

መስመርና ነጥብ

የሰማይ ቅኝት የሚያደርግ ቴሌስኮፕ ብርሃን ለመሰብሰብ ካሜራውን ለምሳሌ 30 ሰከንድ ይከፍታል። በዚያ ጊዜ ምድር ስለምትዞር ሞተሩ ቴሌስኮፑን ቀስ እያለ ያዞረዋል፤ ከዋክብቱም ነጥብ ሆነው ይወጣሉ። የቅርቡ ሰማይ ቁርጥራጭ ከአናት በላይ ሲያልፍ በሰከንድ 0.7 ዲግሪ ያህል ስለሚሄድ 1 ዲግሪ ስፋት ያለውን ምስል በ1.5 ሰከንድ ገደማ አቋርጦ ይወጣል። ምስሉ ላይ የሚቀረው ከዳር እስከ ዳር የተሰመረ ቀጭን መስመር ነው።

የሩቁ ሰማይ ነገርስ? እሱ ከእኛ ጋር ቆሟል፤ ቴሌስኮፑ ግን ከዋክብትን እየተከተለ ነው። ስለዚህ ከከዋክብቱ አንጻር በሰከንድ 15 አርክ ሰከንድ ይንሸራተታል። አርክ ሰከንድ ማለት የ1 ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው። በ30 ሰከንድ 450 አርክ ሰከንድ የሚረዝም መስመር ይሠራል፤ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ሩብ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚገረሙበት ነገር አለ። የደበዘዘ ኮከብ ለማየት ካሜራውን ረዘም ላለ ጊዜ መክፈት ይጠቅማል። ለስብርባሪ ግን አይጠቅምም። አንድ ፒክሰል 1 አርክ ሰከንድ ቢሸፍን ቁርጥራጩ በእያንዳንዱ ፒክሰል ላይ የሚቆየው የሰከንድ 15ኛ ክፍል ብቻ ነው። ካሜራውን ለ30 ሰከንድም ክፈተው ለ300 ሰከንድ፣ እያንዳንዱ ፒክሰል ከቁርጥራጩ የሚያገኘው ብርሃን ያው ነው። የሚጨምረው የሰማዩ የጀርባ ብርሃን ነው፤ መስመሩ ይረዝማል እንጂ አይደምቅም።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሞተሩን ማቆም። ቴሌስኮፑ እንደ ዲሹ ሲቆም የሩቁ ሰማይ ነገር ነጥብ ይሆናል፤ መስመር የሚሆኑት ከዋክብት ናቸው። ያን ጊዜ ብርሃኑ በአንድ ቦታ ይጠራቀማል። አንድ ሰማይ፣ አንድ መሣሪያ፤ ነገር ግን ማንን እንደምንከተል ስንወስን የሚታየንና የሚጠፋን ይለወጣል።

ማበጠር

ምስሉ ከካሜራው ሲወጣ ንጹሕ አይደለም። ከሸዋ ሮቢት ገበያ የተገዛ ማሾ ሰፌድ ላይ ሳይበጠርና ሳይለቀም ድስት ውስጥ እንደማይገባ ሁሉ ምስሉም ይበጠራል። ሥራው ሦስት ደረጃ አለው።

አንደኛ፣ የካሜራውን የራሱን እንከን ማውጣት። ካሜራው ተከድኖ በጨለማ የተነሳ ምስል የፒክሰሎቹን የራሳቸውን ሙቀት ያሳያል፤ እሱ ይቀነሳል። እኩል ብርሃን ባለው ሰማይ ላይ የተነሳ ምስል ደግሞ የአቧራና የሌንስ ጥላዎችን ያሳያል፤ በእሱ ይካፈላል።

ሁለተኛ፣ ከዋክብቱን ማውጣት። የአንድን ቦታ ብዙ ምስሎች እርስ በርስ አስተካክለን ከደረብን በኋላ ለእያንዳንዱ ፒክሰል የመካከለኛውን ቁጥር እንወስዳለን። ከዋክብት በሁሉም ምስል ስላሉ ይቀራሉ፤ ያለፈው ቁርጥራጭ በአንዱ ብቻ ስላለ ይጠፋል። ይህን የከዋክብት ብቻ ምስል ከእያንዳንዱ ምስል ስንቀንስ የሚተርፈው የተለወጠው ነገር ነው።

ሦስተኛ፣ የመለያ ወሰን ማበጀት። ከአካባቢው የጀርባ ብርሃን በግልጽ የሚበልጡትን ፒክሰሎች ብቻ እናስቀራለን። ወሰኑ ሲጠብቅ ደብዛዛው ቁርጥራጭ ይጠፋል፤ ሲላላ ገለባው ይበዛል። በጣም የደበዘዘውን ለማውጣት ቁርጥራጩ ይሄድበታል ብለን በምንገምተው አቅጣጫና ፍጥነት ምስሎቹን እያንሸራተትን እንደምራቸዋለን። ግምቱ ትክክል ከሆነ ብርሃኑ ይደራረባል። 16 ምስል ስንደምር ቁርጥራጩ ከረብሻው ጋር ሲነጻጸር 4 እጥፍ ጎልቶ ይወጣል።

ነጥቦቹ ድምፅ ይስጡ

አሁን የተበታተኑ ብሩህ ፒክሰሎች ቀርተውናል። የትኞቹ በአንድ መስመር ላይ ናቸው? ኮምፒውተር እንደ ሰው ዓይን ዝም ብሎ መስመር አያይም። ፖል ሃፍ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1962 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራል፦ እያንዳንዱ ነጥብ ለሚቻሉት መስመሮች ሁሉ ድምፅ ይስጥ፤ ብዙ ድምፅ ያገኘው መስመር ይመረጥ።

በምሳሌ እንየው። እያንዳንዱን ነጥብ በሁለት ቁጥር እንጽፈዋለን፤ መጀመሪያ አግድሙን፣ ቀጥሎ ቁመቱን። አራት ነጥቦች አሉን፦ 2 እና 5፣ 4 እና 9፣ 6 እና 13፣ በመጨረሻም 5 እና 3። የአንድ መስመር ስሌት “ቁመት = ተዳፋት × አግድም + መነሻ” ነው። ስለዚህ መነሻው ከቁመቱ ላይ የተዳፋትና የአግድም ብዜት ተቀንሶ የሚገኘው ነው።

ተዳፋቱ 1 ነው ብንል አራቱ ነጥቦች የሚሰጡን መነሻ 3፣ 5፣ 7 እና ከዜሮ በታች 2 ነው፤ አልተስማሙም። ተዳፋቱ 2 ነው ብንል ግን 1፣ 1፣ 1 እና ከዜሮ በታች 7 ይሆናል። ሦስቱ “ተዳፋት 2፣ መነሻ 1” ላይ ተስማሙ። መስመሩ ተገኘ፤ አራተኛው ነጥብ ባዕድ ሆኖ ቀረ። ኮምፒውተሩ ይህንኑ በሺዎች ለሚቆጠሩ ነጥቦችና ተዳፋቶች ያደርገዋል። ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር በዚህ ስሌት መጨረሻ የሌለው ተዳፋት ስለሚኖረው፣ ዱዳና ሃርት የተባሉ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1972 ተዳፋቱን ትተው በማዕዘንና በርቀት የሚሠራውን መልክ አቀረቡ። ዛሬ በፓይተን የሚሠራ ማንኛውም ተማሪ በኦፕንሲቪ ውስጥ የሚያገኘው ይህንን ነው። በቅርብ ዓመታት በምሳሌ የሚሠለጥኑ የነርቭ መረቦች በዚህ ሥራ ላይ ገብተዋል፤ ለማሠልጠን ግን በሰው እጅ የተለዩ ብዙ ምስሎች ይፈልጋሉ።

ምስክሩን መመርመር

መስመር አገኘን። ስብርባሪ አገኘን ማለት ግን አይደለም። የሐዲስ ሊቃውንት ዘገባውን ከመቀበላቸው በፊት የዘጋቢውን ማንነት እንደሚመረምሩ ሁሉ እኛም መስመሩን “ማን ነህ?” እንለዋለን።

አውሮፕላን ከሆነ መብራቱ ብልጭ ድርግም ስለሚል መስመሩ ነጠብጣብ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ጎን ለጎን ሁለት ሦስት ሆኖ ይወጣል። ተወርዋሪ ኮከብ ከሆነ እየሰፋ ሄዶ ይጠባል፤ በአንድ ምስል ታይቶም ይጠፋል። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር ካሜራውን ከመታ አጭርና ጠርዙ የሰላ መስመር ይተዋል፤ በሌንስ በኩል ስላላለፈ እንደ ኮከብ ብርሃን ጠርዙ አይለሰልስም። እነዚህን ሁሉ ያለፈ መስመር በዚያ ሰዓት በዚያ ቦታ ያልፋሉ ተብለው ከተመዘገቡት ሳተላይቶች ጋር ይነጻጸራል። ሴለስትራክን የመሳሰሉ ለሁሉም ክፍት የሆኑ መዝገቦች ለዚህ ይጠቅማሉ። ከመዝገቡ ካልተገኘ ያን ጊዜ “ያልታወቀ ነገር” ይባላል፤ ገና ስብርባሪ አይባልም።

ቦታውን የምናውቀው ደግሞ በከዋክብት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የመጠቀችው የአውሮፓዋ ጋያ የ1.8 ቢሊዮን ያህል ከዋክብትን መዝገብ አበርክታለች። ምስሉ ላይ ያሉትን ከዋክብት ከዚህ መዝገብ ጋር ስናዛምድ የመስመሩ ሁለት ጫፎች ሰማዩ ላይ የት እንደነበሩ በዲግሪ እናገኛለን። ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ እ.ኤ.አ. በ964 የቋሚ ከዋክብትን መጽሐፍ ሲያዘጋጅ የበጥሊሞስን መዝገብ እንዳለ አልገለበጠም፤ የከዋክብቱን ድምቀት እንደገና በራሱ ዓይን ተመልክቶ ነው የጻፈው። የዛሬው መዝገብ የዚያ ልማድ ወራሽ ነው።

ከመስመር ወደ ምህዋር

አንድን ምህዋር ሙሉ በሙሉ ለማወቅ ስድስት ቁጥር ያስፈልጋል፦ መጠኑ፣ የክብነቱ ልክ፣ ከምድር ወገብ ያለው ዝንባሌ፣ ዝንባሌው የዞረበት አቅጣጫ፣ ለምድር የሚቀርብበት ነጥብ አቅጣጫ፣ እና ነገሩ አሁን የደረሰበት ቦታ። ቴሌስኮፕ ርቀትን አይነግረንም፤ አንድ ምልከታ የሚሰጠን ሁለት ማዕዘን ብቻ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ምልከታ ያስፈልጋል፤ 3 በ2 ሲባዛ 6 ይሆናል።

የረመዷንን መግቢያ ለማጽደቅ አንድ ታማኝ ምስክር በቂ ነው የሚሉ ዑለማዎች ብዙ ናቸው፤ ለሸዋል ሂላል ግን ሁለት ይጠይቃሉ። ምህዋር ሦስት ይጠይቃል ብንል ለማስታወስ እንዲረዳን እንጂ አንዱን ካንዱ ለመመዘን አይደለም። የሂላሉ ብይን ከሸሪዓ ይመነጫል፤ የምህዋሩ ቁጥር ከሒሳብ።

ሦስቱን ምልከታ ወደ ምህዋር የሚቀይረውን ዘዴ ያስፋፋው ካርል ጋውስ ነው። ጁሴፔ ፒያዚ ጥር 1 ቀን 1801 እ.ኤ.አ. ሴሬስን አገኘና ጥቂት ሳምንታት ከተከታተላት በኋላ ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ገብታ ጠፋችበት። የ24 ዓመቱ ጋውስ ከነዚያ ጥቂት ምልከታዎች ምህዋሯን አሰላ፤ በዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን እሱ ባመለከተው አካባቢ ተገኘች። ዕድሜውን ልብ በሉ፤ ከእኛ ብዙም አይበልጥም።

ለስብርባሪ አስቸጋሪው ነገር ሰዓት ነው። በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ነገር የካሜራው ሰዓት በ1 ሰከንድ ቢሳሳት ቦታው በ7.5 ኪሎ ሜትር ይሳሳታል፤ በሺኛ ሰከንድ ቢሳሳት በ7.5 ሜትር። ስለዚህ ሰዓቱ ከጂፒኤስ ጋር ይገናኛል። ሌላው ችግር በአንድ ማለፍ የሚታየው የምህዋሩ ክፍል በጣም አጭር መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ስሌት ልል ነው፤ በሚቀጥሉት ሌሊቶች በሚገኙ ምልከታዎች እየጠበቀ ይሄዳል። ያልጠበቀ ስሌት ምን እንደሚያስከትል የኢሪዲየምና የኮስሞስ ግጭት አሳይቷል። በዕለቱ ለሕዝብ ክፍት የነበረ ስሌት ሁለቱ በ584 ሜትር ርቀት እንደሚተላለፉ ይጠቁም ነበር። ሁለቱም በመዝገብ ነበሩ፤ ሁለቱም ይታወቁ ነበር። የጎደለው ጥራቱ ነው።

ለእኛ ምናችን ነው?

ሀገራችን በሰማዩ ላይ ድርሻ አላት። ከኢቲአርኤስኤስ 1 በኋላ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ሁለተኛዋ ሳተላይት መጥቃለች። በ600 ኪሎ ሜትር አካባቢ አየሩ እጅግ ስስ ስለሆነ እዚያ የቀረ ነገር በራሱ ወርዶ እስኪቃጠል ብዙውን ጊዜ አሥርተ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ የምናመጥቀው ነገ የምንጠየቅበት ነው። ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገርን ማንሳት ከኢማን ክፍሎች አንዱ መሆኑን በሐዲስ ተምረናል። ሰው የሚሄድበት መንገድ ወደ ላይ ከፍ ሲል አደራው ምድር ላይ አይቀርም።

ሁለተኛው ነገር መሣሪያው ነው። በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የመስታወታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። በተነሪፍ ያለው የአውሮፓውያኑ ቴሌስኮፕም 1 ሜትር ነው፤ በሩቁ ሰማይ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚደርሱ ቁርጥራጮችን ማየት የቻለው በዚያ መጠን ነው። በእርግጥ የመስታወቱ መጠን ብቻ አይበቃም። ሰፊ ሰማይ የሚያይ ካሜራ፣ ትክክለኛ ሰዓት፣ የአዲስ አበባ መብራት የማያደበዝዘው ጨለማና የክረምት ደመና የሌለበት ወቅት ያስፈልጋሉ። ከሁሉ በላይ ግን ሌሊት የመጣውን ምስል ጠዋት የሚያበጥር፣ መስመሩን የሚመረምር፣ ምህዋሩን የሚያሰላ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ከየትም አይመጣም፤ ዛሬ ክፍል ውስጥ ከተቀመጡት ነው የሚወጣው።

ሦስተኛው የዕውቀት ነጻነት ነው። የአሜሪካ የጠፈር ኃይል የግጭት ማስጠንቀቂያ ለሳተላይት ባለቤቶች ይልካል፤ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን የራሱ ምልከታ የሌለው የተላከለትን መቀበል እንጂ ማረጋገጥ አይችልም። እንደ ጥር 2017ቱ ያለ ነገር ሲታይም መልሱን ከሌላ ይጠብቃል። መልሱ እስኪመጣ ወሬ ይቀድማል፤ አንዳንዱ ያስፈራራበታል፣ አንዳንዱ የቁርኣን አንቀጽ ፈልጎ ይለጥፍበታል። እኛ በሁለቱም አንቸኩልም። አላህ ከዋክብትን ለመመሪያ እንዳደረገልን እናምናለን፤ በእነሱ እየተመራን እንለካለን፤ ያረጋገጥነውን እንናገራለን፤ ያላረጋገጥነውን “ወይም” እንላለን።

ለሐለቃ ውይይት

1. ነጥቦቹ 1 እና 4፣ 2 እና 7፣ 3 እና 10፣ 4 እና 2 ናቸው። ተዳፋት 1፣ 2 እና 3 እያደረጋችሁ መነሻዎቹን አስሉ። ብዙ ድምፅ ያገኘው መስመር የቱ ነው? ባዕዱ ነጥብስ?

2. አንድ የሩቁ ሰማይ ሳተላይት ነዳጁ አልቆ ቢቆም በዓመታት ውስጥ ምህዋሩ ከምድር ወገብ እያዘነበለ እስከ 15 ዲግሪ ይደርሳል። በቆመ ቴሌስኮፕ ሌሊቱን ሙሉ ብታነሱት ምስሎቹ ላይ እንዴት ይንቀሳቀሳል?

3. ስልክ ወይም ካሜራ በማይነቃነቅ ማቆሚያ ላይ አድርጋችሁ ከመግሪብ 50 ደቂቃ በኋላ የሰማዩን ምስሎች አከታትላችሁ አንሱ። የምታገኙትን መስመር “ምስክሩን መመርመር” በሚለው ክፍል መሠረት ፈትሹ። ሰዓቱን በትክክል መጻፍ እንዳትረሱ።

መልሶቻችሁን ለዓምዱ አዘጋጆች አድርሱን። በሚቀጥለው እትም ኢንሻአላህ እናወያይባቸዋለን። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን፤ በተማርነውም የምንሠራ ያድርገን። ወሏሁ አዕለም።